«ጨጓራዬ ነው» እያልን የምናሳልፈው ሀርት አታክ

አክስቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር፣ ድንገት ምጣዱን ትታ ዱካው ላይ ቁጭ አለች፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል እጇ ግን በረዶ ነው። ደረቷን አላመማትም። «ጨጓራዬ ነው፣ የማታው ሽሮ ነው» አለችኝ፣ እኔም አምኜ ዝንጅብል አፈላሁላት፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች፣ ግን የልቧ ጡንቻ ተጎድቶ ዛሬ ደረጃ ስትወጣ ሶስቴ ታርፋለች።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፣ ደረት ካላመመ ልብ አይደለም ማለት። ብዙ ሰው ደረቱን ጭምድድ ያደርገዋል እውነት ነው፣ ግን በተለይ ሴቶች፣ በእድሜ የገፉ እና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስኳር ነርቭ ስለሚጎዳ ህመሙ ጭራሽ ላይሰማ ሁሉ ይችላል።

የጨጓራ መድሃኒት ውጦ «እስቲ ይለቀኝ እንደሆነ» ብሎ መሞከርም ስህተት ነው። ቢያሻልም እንኳን ልብ አይደለም ማለት አይደለም። ከእምብርት በላይ ማቃጠሉ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ለጨጓራ አትስጡት።

መንጋጋ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ጀርባ ሲያም «ብርድ ነው» ብሎ ቅባት ማሸት። ስትራመዱ የሚብስ ስታርፉ የሚተው የመንጋጋ ህመም የጥርስ አይመስልም፣ ልባችሁን ታዩ።

እስኪነጋ መጠበቅ። እናቶቻችን «ልጆቼን በሌሊት አላስቸግርም» ብለው ችለው ያድራሉ፣ እባካችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ይቀስቅሷችሁ። የደም ስሩ በረጋ ደም ተዘግቶ በቆየ ቁጥር ጡንቻው እየሞተ ነው፣ የሞተው ደግሞ አይመለስም።

ምልክቱ እያለ ራስ መኪና ነድቶ ሆስፒታል መሄድ፣ መንገድ ላይ ልብ ሊቆም ይችላል። ሀገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101። አስፕሪን የማኘክ ነገር ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ውሰዱ ካላችሁ ነው፣ አለርጂ ወይ የሚደማ ቁስለት ካለ በፊት ተናገሩ።

የመጨረሻው ደግሞ አንድ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምርመራ) ደህና ነው ሲባል ወደ ቤት መሮጥ። የመጀመሪያው ኢሲጂ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ከሰዓታት በኋላ የሚደገመው ለዚህ ነው። ምልክቱ ካልለቀቃችሁ «ይደገምልኝ፣ እንዲህ ሆኜ አላውቅም» በሉ፣ ህመሙ ስንት ሰዓት እንደጀመረም ንገሯቸው።