የምንወደው ልቦለድ ድራማ ሲሆን፦ አዘጋጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የተወደደ ፋንታሲ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ ሊሆን ነው ሲባል አንባቢው መጀመሪያ ይደሰታል። ቀጥሎ ይሰጋል። ስጋቱን አፍ አውጥቶ ሲናገር ደግሞ "እናንተ እኮ ምንም እንዲነካባችሁ አትፈልጉም" ይባላል። ይህ ልክ አይደለም።

የጌም ኦፍ ትሮንስን አንደኛ ሲዝን አምስተኛ ክፍል አስታውሱ። ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሴ ብቻቸውን ተቀምጠው ወይን እየጠጡ ያወራሉ። ስለ መንግሥት ጀምረው ወደ ትዳራቸው ይገባሉ። አንድ ላይ ይስቃሉ። ከዚያ ሰርሴ በመካከላችን ነገሩ ሊሆን የሚችልበት ጊዜ ነበር ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። አልነበረም ይላታል። ይህ ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ታሪኩን የሚነግረን በተመረጡ ገጸ ባሕርያት ዓይን ነው፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ ሮበርትም ሰርሴም ከእነዚያ መካከል አይደሉም። ስለዚህ ሁለቱን ብቻቸውን የምናይበት ቀዳዳ አልነበረም። ድራማው ቀዳዳውን ከፈተልን፣ አንባቢውም ወደደው። በሁለተኛው ሲዝን ትንሿ አርያ የኃያሉ ጌታ የታይዊን ላኒስተር ወይን ቀጂ የሆነችበትም እንደዚሁ ነው። በመጽሐፉ የምታገለግለው ሌላ ጌታን ነው። ያም ለውጥ ተወደደ።

ስለዚህ የአድናቂው ስጋት ለውጥ ራሱ አይደለም። የሚያስፈራው ታሪኩን ያልገባው ሰው የሚያደርገው ለውጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ከዚያ ይመነጫሉ። (አስቀድሜ ልናገር፦ የብዙ ታሪኮች ቁልፍ ክስተት ይነሳል። ያላያችሁት ካለ ተጠንቀቁ።)

ምሰሶውን ሳያዩ መንቀል

ፋንታሲ ልቦለድ ረጅም ነው። አንዳንዱ ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ ላይ ምንም የማይሠራ ይመስላል። ለቀረጻ ያስቸግራል፣ ወጪ ያስወጣል፣ "ይውጣ" ይባላል። ጣሪያው የሚዘመው ግን ከሁለት ሲዝን በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ከማርቲን ሌላ መጽሐፍ የተሠራው ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን ላይ የቀረው ሕፃኑ ሜሎር ነው። በመጽሐፉ ንግሥት ሄሌና ሦስት ልጆች አሏት፤ መንትዮቹ ጄሄሪስና ጄሄራ፣ ከእነሱ በታች ደግሞ የሁለት ዓመቱ ሜሎር። ገዳዮች ሌሊት ይገቡና ከሁለቱ ወንዶች ልጆችሽ አንዱን ምረጪ ይሏታል። እኔን ግደሉኝ ትላለች። አይሆንም ይሏታል። በመጨረሻ የትንሹን ስም ትጠራለች። ገዳዮቹ ግን ትልቁን ይገድላሉ። ትንሹ ይተርፋል። እናቱ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ማየት ያቅታታል፤ እንዲሞት የመረጠችው እሱን ነበርና።

ድራማው ላይ ሜሎር አልተወለደም። ገዳዮቹ የሚያገኙት መንትዮቹን ብቻ ነው። የሚፈልጉት ወንዱን ነው፤ የትኛው ወንድ እንደሆነ ግን አያውቁም። ሄሌና ትጠቁማቸዋለች። አሰቃቂ ነው፣ ተዋናይቷም ጎበዝ ናት። ግን ምርጫው ጠፋ። መጽሐፉ ውስጥ ሄሌናን የሚሰብራት ሐዘኑ ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ባለው ልጇ ፊት የምትሸከመው ጥፋተኝነት ነው። እሱ ከሌለ ያ ስብራት ከየት ይመጣል?

ማርቲን ራሱ በመስከረም 2024 በግል ድረ ገጹ ላይ ቅሬታውን ጻፈ። ጽሑፉ ብዙም ሳይቆይ ከገጹ ተነሳ። ክርክሩ ግን በአድናቂዎች ዘንድ እስከ ዛሬ አለ። የሜሎር ዕጣ ከእናቱ ዕጣ ጋር፣ በኋላም በዋና ከተማዋ ከሚነሳው ዓመፅ ጋር የተሳሰረ ነው። አንድ ሕፃን ሲወጣ ይህ ሁሉ አብሮ ይላላል። ደራሲው ይህን ሲናገር እልኸኛ ነው ማለት አይገባም። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል።

ተመልካቹ ቶሎ እንዲያዝን ብሎ ሰው መግደል

ዘ ዊል ኦፍ ታይም ላይ ፔሪን የሚባል ወጣት አለ። የአንጥረኛ ተለማማጅ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ጠንካራ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከእኩዮቹ ስለሚገዝፍ፣ ሳላስበው ሰው እጎዳለሁ ብሎ ይፈራል። ለዚህ ነው ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀሰው፣ ቀስ ብሎ የሚያስበው። ታሪኩ ሲጀምር ሚስት የለውም።

ድራማው በ2021 ሲጀምር ፔሪን ባለትዳር ሆኖ መጣ። በመጀመሪያው ክፍል መንደሩ ሲወረር፣ በትርምሱ መሃል ሚስቱን በገዛ መጥረቢያው ሳያውቅ ይገድላታል።

ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል። መጽሐፉ ውስጥ የፔሪን ፍርሃት ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፣ ካሜራ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። የሚታይ ምክንያት ፈለጉ። ግን የፔሪን ውበት ምንም ሳያጠፋ መፍራቱ ነው። ደራሲው ሮበርት ጆርዳን ይህን ልጅ በመጥረቢያና በመዶሻ መካከል፣ በማጥፋትና በመሥራት መካከል፣ ለብዙ መጻሕፍት አቆመው። መጥረቢያውን አሽቀንጥሮ የሚጥለው በአሥረኛው መጽሐፍ ነው፤ የአንድ እስረኛ እጅ ከቆረጠበት በኋላ። ያን ገጽ ያነበበ ሰው አይረሳውም። ሚስቱን በመጀመሪያው ሰዓት የገደለ ሰው መጥረቢያውን ለመጣል አሥር መጽሐፍ ለምን ይፈጅበታል? ደግሞም ሟቿ ሴት ሰው ሆና አልተሠራችም። ማን ናት፣ ምን ትወዳለች፣ አናውቅም። የባሏን ፊት ለማጥቆር ብቻ ተፈጥራ ሞተች።

ዘ ዊቸርም በሁለተኛው ሲዝን ኤስኬልን ገድሏል። መጽሐፉ ላይ ኤስኬል በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ከዋናው ጀግና ከጌራልት ጋር እንደ ወንድም አብሮ ያደገ። ድራማው ላይ ከመምጣቱ ወደ ጭራቅነት ተለውጦ ይሞታል። ለማያውቀው ተመልካች አንድ እንግዳ ሞተ። ለሚያውቀው ደግሞ ገና ያልተጀመረ ወዳጅነት ተቀማ። ማንም አልተጠቀመም።

መጨረሻውን ሳይዙ መነሳት

ጌም ኦፍ ትሮንስ የተሠራበት የማርቲን ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ የወጣው በ1996 ነው። ድራማው በሚያዝያ 2011 ሲጀምር አራት መጽሐፍ ታትሞ ነበር፤ አምስተኛው በዚያው ዓመት ሐምሌ ወጣ። ስድስተኛውን አሁንም እየጠበቅን ነው። በ2016፣ በስድስተኛው ሲዝን፣ ድራማው ደራሲውን ቀድሞ ሄደ።

ማርቲን ዋና ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት የት እንደሚደርሱ ለአዘጋጆቹ ነግሯቸዋል። ችግሩ መድረሻን ማወቅና መንገዱን ማወቅ አንድ አለመሆናቸው ነው። ዙፋኑን የምትፈልገው ዴነሪስ የእጅ መስጠት ደወል ከተደወለ በኋላ ዋና ከተማዋን ስታቃጥል፣ ብዙ አድናቂ የተናደደው "ይህ ሊሆን አይችልም" ብሎ አይደለም። ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚያደርሳት መንገድ ግን አልታየም። ቀደምቶቹ ስድስት ሲዝኖች አሥር አሥር ክፍል ነበራቸው። ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት ብቻ ሆነ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የታሪኩ ክፍል ያነሰ ጊዜ ተሰጠው። ሰዎች ከአህጉሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመጓዝ ወራት ይፈጅባቸው የነበረበት ዓለም ላይ፣ በድንገት ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ ደርሶ ይመለስ ጀመር። የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራ የሚለውን የፊርማ ጥያቄ ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ፈርሞበታል። ጥያቄው እንደማይፈጸም ፈራሚዎቹም ያውቁ ነበር። ምን ያህል ልባቸውን ሰጥተው እንደነበር ግን ያሳያል።

አሥራ አራት መጽሐፍ መጠቅጠቅ

የተጠናቀቀ መጽሐፍ መያዝም ብቻውን አያድንም። ዘ ዊል ኦፍ ታይም አሥራ አራት ቅጽ ነው። ጆርዳን በ2007 ሲያርፍ ብራንደን ሳንደርሰን ተረክቦ በ2013 ጨረሰው። ድራማው በየሲዝኑ የተሰጠው ስምንት ክፍል ነው። በዚያ ላይ የኮቪድ ወረርሽኝ ቀረጻውን አቋረጠው፣ ማትን የሚሠራው ተዋናይ ደግሞ አንደኛው ሲዝን ሳያልቅ ወጣ። የሲዝኑ መዝጊያ ሲደርስ ከዋናዎቹ ጓደኛሞች አንዱ በቦታው አልነበረም። ይህ የጸሐፊዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ስምንት ክፍል ብቻ ሲኖር ግን እንዲህ ያለ አደጋ የሚታረምበት ትርፍ ሰዓት የለም።

የሚያሳዝነው፣ ሦስተኛው ሲዝን መንገዱን አግኝቶ ነበር። ቀድሞ ድራማውን ያልተቀበሉ ብዙ አንባቢዎች ሳይቀሩ ወደዱት። በግንቦት 2025 ተሰረዘ።

ሰዎቹን ሌላ ሰው ማድረግ

ኡርሱላ ለ ጉዊን የኧርዝሲን የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1968 ስታሳትም፣ ጀግናዋን ጌድን ቀላ ያለ ቡናማ ቆዳ ሰጠችው። የደሴቶቹ ሕዝብ አብዛኛው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። ነጮቹ በአንድ ጠርዝ ያሉ ወራሪዎች ናቸው። ይህን አውቃና አስባበት ነው ያደረገችው፤ በዚያ ዘመን የፋንታሲ ጀግና ሁሉ ነጭ ነበርና። በ2004 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲሠራው ጌድ ነጭ ሆኖ ወጣ። ደራሲዋ በአደባባይ ተቃወመች፣ በቁጣ ጻፈች።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ይህ ነገር ቅርብ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ የራሱን መልክ የመሰለ ጠንቋይ አግኝቶ የተደሰተ ልጅ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ያ መልክ ተወስዶበት ያገኛል።

ዕድሜም እንደዚሁ ነው። ፐርሲ ጃክሰን መጽሐፉ ላይ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የ2010ሩ ፊልም ጎረምሳ አደረገው። ደራሲው ሪክ ሪዮርደን ገና ከቀረጻው በፊት ይህን አታድርጉ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። የልጁ ታሪክ ከአንባቢዎቹ ጋር አብሮ የሚያድግበት መንገድ ተዘጋ፤ ፊልሙ ከሁለተኛው ክፍል አላለፈም። በ2023 ድራማው ሲመጣ ሪዮርደን ራሱ ሥራው ውስጥ ገባ፣ ፐርሲም ወደ አሥራ ሁለት ዓመቱ ተመለሰ።

የተዋናይ ምርጫ ላይ ግን አድናቂውም ልብ ይበል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ፍቅር እስከ መቃብርን በሌላ ድምፅ መስማት ይከብደዋል። ያ ፍቅር ነው፣ አይነቀፍም። ግን የለመድነው ሁሉ ትክክለኛው ብቻ ነው ማለትም አይደለም። ጥያቄው "የገጸ ባሕርዩ ማንነት ከዚህ መልክ ጋር የተያያዘ ነው ወይ?" የሚለው ነው። የጌድ ተያይዟል። ብዙዎቹ አልተያያዙም።

የሚያከራክረውን ሐሳብ ማለስለስ

ባጭሩ ልለፈው። የፊሊፕ ፑልማን ሂስ ዳርክ ማቲሪያልስ የሃይማኖት ሥልጣንን ፊት ለፊት የሚሞግት ታሪክ ነው። የ2007ቱ ፊልም ሙግቱን አለዘበው፣ የመጽሐፉን መጨረሻም ቆርጦ አስቀረው። ትንሹ ሮጀር የሚሞትበትን ማለት ነው። ማንንም ላለማስቀየም ሲል ማንንም ሳያስደስት ቀረ። ከ2019 ጀምሮ የመጣው ድራማ ሦስቱን መጻሕፍት በሦስት ሲዝን እስከ መጨረሻው ሄደባቸው። በሐሳቡ የማይስማማ ሰው አለማየት ይችላል። ሐሳቡ የተወሰደበት ፑልማን ግን ፑልማን አይደለም።

ትችትን ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት

ከደራሲው ቶልኪን ዓለም የተወሰደው ዘ ሪንግስ ኦፍ ፓወር በመስከረም 2022 ሲጀምር፣ ጥቁር ተዋናዮች ኤልፍና ድዋርፍ የሚባሉትን ምናባዊ ፍጡራን ሚና በመያዛቸው ብቻ ዘረኛ ስድብ ወረደባቸው። ይህ አሳፋሪ ነው። ቶልኪንን መውደድ ሰውን ለማዋረድ ፈቃድ አይሰጥም። አዘጋጆቹም ከተዋናዮቻቸው ጎን መቆማቸው ትክክል ነው።

ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሌላ ዓይነት ጥያቄ የሚያነሱም ነበሩ። ድራማው ላይ የታሪኩ ሺህ ዓመታት ለምን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተጨፈለቁ? የሰዎች ዕድሜ አጭር፣ የኤልፎች ረጅም መሆኑ እኮ የቶልኪን ሐዘን ምንጭ ነው። የሰዎች ደሴት መንግሥት የሆነችው የኑሜኖር ነገሥታት የሞት ፍርሃት ቀስ በቀስ፣ በትውልዶች፣ እየመረዛቸው ነው የሚሄደው። አንዱ ትውልድ ላይ ከተጫነ ምን ይቀራል? ይህን የሚጠይቅ አንባቢ ከተሳዳቢው ጋር አንድ ላይ ሲመታ ዝም ይላል፣ ሜዳው ለተሳዳቢው ብቻ ይቀራል። አዘጋጁም ሊጠቅመው የሚችለውን ሰው ያጣል።

በሲዝኖች መካከል ያለውን ዓመት አለመቁጠር

ጌም ኦፍ ትሮንስ እስከ ስድስተኛው ሲዝን በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ዛሬ በሁለት ዓመት አንዴ መጠበቅ የተለመደ ሆኗል። ዘ ዊል ኦፍ ታይም በኅዳር 2021፣ በመስከረም 2023፣ በመጋቢት 2025 መጣ። ብዙ ስምና ብዙ አገር ያለበት ታሪክ በዚህ ርቀት ሲመጣ ተመልካቹ ማን ማን እንደነበር ይረሳል። አዲሱን ሲዝን ለመጀመር የድሮውን መከለስ ግድ ይሆንበታል፤ ብዙው ሰው ያን አያደርግም።

ልጆች የሚተውኑበት ታሪክ ላይ ደግሞ ይብሳል። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ ሃሪ ፖተርን በተከታታይ ድራማ እየሠራ ነው። አድናቂዎች አሁኑኑ መጠየቅ ያለባቸው ይህን ነው። ሃሪ በመጀመሪያው መጽሐፍ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ በሰባተኛው አሥራ ሰባት ይሞላዋል። አንዱን መጽሐፍ በአንድ ሲዝን እየሠሩ በየሁለት ዓመቱ ከወጣ፣ በመጀመሪያው ሲዝን አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጅ በሰባተኛው ላይ ሃያ ሦስት ይሆናል። የቀረጻው መርሐ ግብር ከአሁኑ በዚያ ልክ መታቀድ አለበት፤ ልጆቹ ካደጉ በኋላ የሚመጣ መላ የለም።