«አስክ» በሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ አጠቃቀም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

«አስክ» ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያውቁት የእንግሊዝኛ ግሥ ቢሆንም፣ ፍቺውን «ጠየቀ» ብለው ከያዙ በኋላ የአማርኛውን ግሥ ስፋት ሁሉ ስለሚያሸክሙት ስህተቱ ለዓመታት አብሯቸው ይኖራል።

ከሁሉ የከፋው «ጠየቀ» በሚገባበት ስፍራ ሁሉ «አስክ»ን መተካት ነው። በአማርኛ የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ አራስም ትጠየቃለች፤ ስንቅ ቋጥሮ የሚሄደውም «ጠያቂ» ይባላል። እንግሊዝኛ ግን ለዚህ ሁሉ «ቪዚት» የሚል ሌላ ግሥ አለው። አንዲት ተማሪዬ ከሥራ የቀረችበትን ምክንያት ለአለቃዋ ስትገልጽ «አይ ዌንት ቱ አስክ ማይ ሲክ አንት» ብላ ጻፈች፤ አለቃዋም አክስቷን ምን ልትጠይቃት እንደ ሄደች እንድታስረዳው መልሶ ጻፈላት። ልጅቷ ያደረገችው ደግ ነገር በአንድ ግሥ ምክንያት ሳይታወቅላት መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መስተዋድዱም ብዙዎችን ያስቸግራል። የሚጠየቀው ሰው መስተዋድድ ሳይቀድመው ከግሡ ቀጥሎ ስለሚገባ «ሂ አስክድ ቱ ሚ» ስህተት ነው፤ «ሂ አስክድ ሚ» ይበቃል። የተፈለገው ነገር ገንዘብ ወይም እርዳታ ሲሆን ግን «ፎር» የግድ ይላል፦ «ሂ አስክድ ሚ ፎር መኒ»። በማመልከቻ ላይ የሚዘወተረው «ሪኩዌስት» በተቃራኒው ግሥ ሆኖ ሲገባ «ፎር» አይከተለውም። (እዚህ «አስክድ» ብዬ የጻፍኩት ፊደሉን ተከትዬ ነው፤ ሲነገር ግን መጨረሻው «ት» ስለሆነ «አስኪድ» ብሎ ማስረዘም አይገባም።)

አማርኛ የጠያቂውን ቃል እንዳለ ይዞ «የት ትኖራለህ ብሎ ጠየቀኝ» ይላል። ይህን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዱ ዩ ሊቭ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ጥያቄው በሌላ ሰው አፍ ሲነገር «ዱ» ይወድቃል፣ ተውላጠ ስሙ ይለወጣል፣ ግሡም ወደ ኃላፊ ጊዜ ይዞራል፦ «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ»።

ከፍ ያለ ቃል ለመምረጥ ሲባል «ኩዌስችን»ን በ«አስክ» ቦታ ማስገባትም አደገኛ ነው። ግሡ ሰውን ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ፖሊስ ተጠርጣሪን እንደሚጠይቀው ያለ ጥያቄ ነው፤ ሐሳብን ወይም ውሳኔን ሲይዝ ደግሞ መጠራጠር ይሆናል። «ኢንተሮጌት» ከዚያም ይከብዳል፤ መርማሪ ፊት መቅረብን ያሳስባል። ሐኪም ታማሚውን ስለ ሕመሙ፣ መምህርም ተማሪውን ስለ ትምህርቱ ሲጠይቅ «አስክ» ይበቃል።