የአለርጂ አፑ «ችግር የለውም» ብሎ ምግቡ ሲያሳክክ

እነዚህ አፖች ምግቡን አይመረምሩም። ባርኮዱን አንብበው በዚያ ቁጥር ስር የተመዘገበውን የይዘት ዝርዝር ያወጣሉ እንጂ። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚሁ ነው።

«ምርቱ አልተገኘም» ይላል

ዕቃው አፑ ላይ አልተመዘገበም ማለት ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 ፈረንሳይ የተጀመረውን ኦፕን ፉድ ፋክትስ የተባለ የምግብ መረጃ ቋት በአብዛኛው የሚሞሉት ተጠቃሚዎች ናቸው። ማንም ያላስገባው ዕቃ አይገኝም። የማሸጊያውን ጀርባ ራስዎ ያንብቡ፤ ፎቶ አንስተው ቢያስገቡት ደግሞ ለሌላ ወላጅ ይደርሳል።

አፑ አረንጓዴ («ችግር የለውም») አሳየ፣ ልጁን ግን አሳከከው

ከባዱ ይሄ ነው። በመጀመሪያ ልጁን ይዩ። ምላሱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሐኪም ያዘዘለትን ኤፒፔን (የአድሬናሊን መርፌ) ወግተው ወዲያው አምቡላንስ ይጥሩ። ምክንያቱን መፈለግ ከዚያ በኋላ ነው።

አምራቹ ይዘቱን ቀይሮ ባርኮዱን እንዳለ ሊተወው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥ ማሸጊያ ላይ የግድ የሚጻፍ 9ኛው አለርጂ አምጪ ሆነ። አንዳንድ ዳቦ አምራቾች ታዲያ ማሽናቸውን ከሰሊጥ ከማጽዳት ይልቅ ትንሽ የሰሊጥ ዱቄት ጨመሩና ማሸጊያው ላይ ጻፉት። ለዓመታት ያለ ስጋት ይበላ የነበረ ዳቦ ሰሊጥ ገባበት። በጣም ያሳዝናል። አፑ የያዘው የድሮውን ዝርዝር ከሆነ አሁንም አረንጓዴ ያሳያል።

ሌላው «ሜይ ኮንቴይን» (አለርጂ አምጪ «ሊኖረው ይችላል») የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው። እዚያው አሜሪካ ይህን መጻፍ ግዴታ አይደለም። ስላልተጻፈ ብቻ ከአለርጂ አምጪ ጋር ንክኪ የለም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ የለመዱት ዕቃ ቢሆንም በገዙት ቁጥር ዝርዝሩን ያንብቡ። አፑ ላይ መረጃው መቼ እንደታደሰ ይዩ። ከተጠራጠሩ አምራቹ ጋር ይደውሉ።

ካሜራው ጽሑፉን ያዛባል

ዝርዝሩን ፎቶ አንስተው ሲያስገቡ ጽሑፉ ከተዛባ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የፕላስቲኩ ነጸብራቅ ነው። ዘርጋ አድርገው ከጎን ያንሱት።

እንጀራ ላይ አፑ ምንም አይልም

ባርኮድ ከሌለው ምን ያንብብ? ጤፍ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም፤ ውጭ አገር በየሐበሻ ሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ላለበት ሰው «ጤፍ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። ጋጋሪዋን ይጠይቁ፦ «ጤፍ ብቻ ነው? እርሾውስ ከምን ዱቄት ነው? ምጣዱ ላይ ሌላ ይጋገርበታል?» ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኙ አይግዙት።