ጌሙ ኡቡንቱ ላይ አልነሳ ያለኝ በሁለት ነጥብ (:) ምክንያት ነው

ጅማ ቁጭ ብሎ 40 ጊጋ ጌም ድጋሚ ማውረድ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ስዞር፣ ከስቲም የጌም መደብር ያወረድኩትን ጌሜን እዚያው የድሮው የዊንዶውስ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ ተውኩት። የፓርቲሽኑ ፎርማት ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ ፎርማት ነው። ስቲም አገኘው። ፕሌይ ስል ግን ቁልፉ ስቶፕ ይሆንና ወዲያው ይመለሳል። በቃ፣ ዝም።

ሁለት ምሽት የግራፊክስ ድራይቨር ስነካካ አመሸሁ። ምስኪን፣ ምንም አላጠፋም ነበር።

ነገሩ የፋይል ስም ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮቶን፣ የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳው ማለት ነው፣ ለየጌሙ የውሸት ዊንዶውስ ይሠራል። እዚያ ውስጥ «ሲ» ከነሁለት ነጥቡ የሚባል ሊንክ ይፈጥራል። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ላይ ሁለት ነጥብ አይወድም። ኤንቲኤፍኤስ ላይ ሲሆን ጠብ ነው።

ስቲምን ዘጋሁ። ስቲምአፕስ በሚባለው የስቲም ፎልደር ውስጥ ያለውን፣ እነዚያ የውሸት ዊንዶውሶች የሚቀመጡበትን «ኮምፓትዳታ» ፎልደር አጠፋሁት (ሴቭ ያለው ሰው መጀመሪያ ኮፒ ያድርግ)። ሆም (ኡቡንቱ ላይ ያለው የራሴ ፎልደር) ውስጥ አዲስ ፎልደር ከፍቼ፣ በድሮው ቦታ ወደሱ የሚጠቁም ሲምሊንክ አስቀመጥኩ። ዊንዶውስ ገብቼም ፋስት ስታርትአፕን (ቶሎ እንዲነሳ ሲባል ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን) አጠፋሁ፤ አለዚያ ፓርቲሽኑ ለንባብ ብቻ ይከፈታል።

ጀበናው ሳይወርድ ጌሙ ተነሳ። ቡናው ቀዝቅዞ ነው የጠጣሁት።