እየሠራ ድንገት የሚጠፋ፣ ጠዋት ደግሞ አልነሳም የሚል ኮምፒውተር፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ባለችው የጥገና ክፍሌ «እየሠራሁበት ድንገት ጠፋ» ወይም «ዛሬ ጠዋት አልነሳም አለኝ» ተብለው ከሚመጡት የቤት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከእኔ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ፎርማት ተደርገዋል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ፣ የባለቤቱ ፎቶና ሰነድ ጠፍቶ፣ ከሳምንት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ ነው የሚመጡት። ይህን የምጽፈው ያ ጥፋት እንዳይደገም ነው። በእጄ ካለፉት ውስጥ አብዛኞቹን ያጠፋቸው ዊንዶውስ ሳይሆን ፓወር ሳፕላዩ፣ ማለትም የመብራቱን ኃይል ለማሽኑ በሚስማማ መጠን የሚያቀርበው ሳጥን ነበር። ገመዱ መሰካቱን፣ ሶኬቱ መብራት እንዳለውና የስክሪኑ ገመድ እንዳልላላ አስቀድመው አይተዋል ብዬ እጀምራለሁ።

በመጀመሪያ አጠፋፉን ይለዩ

ማሽኑ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ፣ ስሕተቱን በጽሑፍ ገልጾ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ ወደ ሃርድ ዲስክ (ፋይሎች የሚቀመጡበት) ወይም ወደ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከማሽኑ ክፍሎች ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ይሄዳል። አንዳች ነገር ሳያሳይ፣ መብራት እንደሄደ ያህል ቀጥ ብሎ ከጠፋ ግን ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሳፕላይ ወይም ወደ ሙቀት ነው። ክስተቶችን መዝግቦ በሚያሳየው የዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ያገኙ ሰዎች ጥፋቱ የፓወር ሳፕላይ ለመሆኑ ማረጋገጫ አገኘን ብለው ይመጣሉ። መዝገቡ የሚናገረው ግን ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሳቱን ብቻ ነው። ዝርዝሩን ሲከፍቱት የስሕተት ኮዱ ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ምክንያቱን ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፤ ያኔ ፓወር ሳፕላዩን ለመመርመር በቂ ምክንያት አለዎት።

ምልክት፦ ጠዋት አይነሳም፣ ከሞቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ ይሠራል

ይህን ምልክት ከማንኛውም በላይ አየዋለሁ። ጅማ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፤ የዚህ ዓይነት ማሽን የሚበዛብኝም በእነዚህ ወራት ነው። ማብሪያውን ሲጫኑት ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ይቆማል። ደግመው ሲጫኑት ያው ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ከሞከሩ በኋላ ይነሳል፤ አንዴ ከተነሳ ደግሞ እስከ ማታ እንከን አይታይበትም። ምክንያቱ በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች መድረቅ ነው። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ ሲሆን በውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ፈሳሹ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ በውስጡ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ ይጨምራል፤ ቅዝቃዜ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ሙከራው ሲደጋገም ትንሽ ይሞቅና ለመነሳት የሚበቃ ኃይል ማቅረብ ይችላል።

ባለቤቶቹ «ካጠፋሁት አይነሳልኝም» ብለው ሌሊቱን ሙሉ ሲያበሩት ያድራሉ። ይህ የተረፈችውን ፈሳሽ ያደርቃታል፤ መብራት የሄደ ቀን ማሽኑ ጨርሶ አይመለስም። ምልክቱን ባዩበት ሳምንት ፋይልዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡና ፓወር ሳፕላዩን ያስቀይሩ።

የተበላሸ ካፓሲተር ለዓይን ይታያል። አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጭረት አለ፤ ጤነኛው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ነው፤ የታመመው ወደ ላይ ያብጣል፣ ጭረቱ ይከፈታል፣ በዙሪያው ቡናማ ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ቀረብ ብለው ካሸተቱት የዓሣ ዓይነት ሽታ አለው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚገጠሙበት ሰሌዳ) ላይ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የተደረደሩትንም በዚሁ ዓይን ይመልከቷቸው። ሁሉም የታመመ አያብጥም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ውስጡ የደረቀ ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ አላበጠም ብለው ነፃ አያውጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፓወር ሳፕላዩን ራስዎ አይክፈቱት። በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ይዞት ሊቆይ ይችላል። ብየዳ የሚችል የጎረቤት ልጅ አለ ተብሎም አይከፈት።

ምልክት፦ ሥራ ላይ እያለ፣ በተወሰነ ሰዓት ወይም ቀን ይጠፋል

ጅረን አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ማሽኑን በልጃቸው አሸክመው መጡና «ልጄ፣ ይኼ ኮምፒውተር ቀን ይመርጣል፤ ከረቡዕና ከቅዳሜ በቀር ጠፍቶ አያውቅም» አሉኝ። ከእኔ በፊት ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል፤ ራሙም ተቀይሯል። «እትዬ፣ እንጀራ የሚጋግሩት መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ረቡዕና ቅዳሜ ነበር።

ቤታቸው ሄጄ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ስለካ ሶኬቱ 215 ቮልት ነበረው፤ ምጣዱ ሲበራ ወደ 180 ወረደ፤ ምጣዱ በሚበራበት ቅጽበት ደግሞ መብራቱ በዓይን በሚታይ ሁኔታ ብልጭ ይል ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል፤ እሱና ኮምፒውተሩ በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ነበሩ፤ የማከፋፈያው ሶኬትም በሙቀት ጠቁሮ ውስጡ ያለው ብረት ላልቶ ነበር። ይሁንና እዚያው ማከፋፈያ ላይ የእኔን ማሽን ሰክቼ ምጣዱን ደጋግመን ስናበራው የእኔ አልጠፋም። ነገሩን የፈታው ይህ ሙከራ ነው። ጤነኛ ፓወር ሳፕላይ መብራት ለቅጽበት ቢቋረጥ ከ16 ሚሊ ሰከንድ ላላነሰ ጊዜ ማሽኑን ይዞ እንዲቆይ ተደርጎ ይሠራል፤ ይህ 20 ሚሊ ሰከንድ ከሆነው የመብራታችን አንድ ዑደት ብዙም ስለማያንስ አጭር ብልጭታን ለማለፍ ይበቃል። የእሳቸው ትልቁ ካፓሲተር ስለደረቀ ያንን ያህል መያዝ አልቻለም። ቮልቱ ሲወርድ ፓወር ሳፕላዩ «ኃይሉ ደህና ነው» ብሎ ለማዘርቦርዱ የሚልከውን ምልክት ያቋርጣል፤ ማዘርቦርዱም ወዲያው ያጠፋል።

ፓወር ሳፕላዩ ተቀየረ፤ ለምጣዱም ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ማቋረጫ ተዘረጋለት። አንደኛውን ብቻ ብናደርግ ኖሮ ችግሩ በወራት ውስጥ ይመለስ ነበር። እርስዎም ማሽንዎ የሚጠፋበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት በወረቀት ይጻፉና በዚያ ሰዓት በቤቱም በጎረቤቱም ምን እንደሚበራ ይመልከቱ። ካውያ፣ ምጣድ፣ የውኃ ፓምፕ፣ በአጥር ማዶ ያለ የብየዳ ሥራ፣ ሁሉንም አግኝቻቸዋለሁ።

ልኬቱ እንዲህ ይደረጋል። ማሽኑ ከባድ ሥራ እየሠራ ሳለ፣ ማለትም ቪዲዮና ሌሎች ፕሮግራሞች አብረው ተከፍተው፣ ነፃ በሆነው ባለ አራት ቀዳዳ ማያያዣ ላይ የቴስተሩን ጥቁር እግር በጥቁሩ ሽቦ፣ ቀዩን እግር በቢጫው ላይ ያድርጉ። ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማንበብ አለበት። በቀዩ ሽቦ ላይ ደግሞ ከ4.75 እስከ 5.25። የቴስተሩ ሁለት እግሮች እርስ በርስ እንዳይነካኩ እጅዎን ያረጋጉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው አረንጓዴውንና ጥቁሩን ሽቦ አገናኝቶ ፋኑ ከዞረ «ደህና ነው» ማለት ነው። ይህ ፓወር ሳፕላዩ መነሳቱን እንጂ ሸክም መቻሉን አያሳይም፤ በዚህ ሙከራ አልፎ ማሽን ላይ ሲገጠም 10 ቮልት ብቻ የሰጠ በእጄ ይዣለሁ።

ምትክ ሲገዙ

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንድ ወጣት ላዩ ላይ «500 ዋት» የተጻፈበት አዲስ ፓወር ሳፕላይ በርካሽ ገዝቶ ገጠመ፤ በሁለት ወሩ ጨሰ፤ ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩንም ይዞ ሄደ። የመመረቂያ ጽሑፉ በዚያ ዲስክ ላይ ነበር። ፓወር ሳፕላዩን ከአንድ አሮጌ የቢሮ ማሽን ከወጣ ባለ 250 ዋት ጋር በሁለት እጄ ስመዝነው የአዲሱ ክብደት ግማሽ አይሞላም። ስከፍተው ኃይሉን የሚያጣሩት የሽቦ ጥቅልሎች ሊቀመጡባቸው የሚገቡት ቦታዎች ባዶ ናቸው፤ በጥቅልሎቹ ፈንታ ተራ ሽቦ ተበይዶባቸዋል፤ ሙቀት አስወጪው ብረት እንደ ቆርቆሮ የሳሳ ነው። ይህን ሠርቶ የሚሸጥ ሰው የሌላውን ልፋት እንደሚያቃጥል ያውቃል።

ስለዚህ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይመኑ፤ በጎኑ ካለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፔር ይፈልጉ። 14 አምፔር ከሆነ 12 ሲባዛ በ14፣ 168 ዋት ነው፤ ማሽንዎ በዋናነት የሚኖረው በዚህ እንጂ በ500ው አይደለም። ሠንጠረዥ የሌለውን አይግዙ። ክብደቱ የቀለለውን አይግዙ። ከውጭ አገር ቢሮዎች የመጡ ያገለገሉ ማሽኖች አንዳንዶቹ የራሳቸው ብቻ የሆነ ማያያዣ ስላላቸው አሮጌውን ነቅለው ይዘው ይሂዱና አስተያይተው ይግዙ፤ የማይገባውን በግድ አያስገቡ።

ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለው፣ ከመሰካትዎ በፊት 230 ላይ መሆኑን ይመልከቱ። በ115 ላይ ሆኖ ከእኛ መብራት ጋር ከተገናኘ በዚያው ሰከንድ ይፈነዳል። ልጆች ባሉበት ቤት በፕላስተር ይሸፍኑት።

መብራት ሲሄድ

መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩን ገመድ ይንቀሉ፤ ከተመለሰም በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይሰኩ። የሚጎዳው መሄዱ ብቻ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልት ነው። ስታቢላይዘር ለቮልት መዋዠቅ ይረዳል፤ ለመቋረጥ ግን አይረዳም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያላቸው ሰዎችም ባትሪው ካለቀ ዓመታት አልፈውት አሁንም የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። በየስድስት ወሩ በኮምፒውተሩ ምትክ አምፖል ሰክተው ዩፒኤሱን ከግድግዳው ይንቀሉት፤ አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው ሞቷል።

የኮምፒውተሩ ሳጥን ሲነኩት የሚነዝርዎ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሶኬቱ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) የለውም። ማሽኑን ሁልጊዜ አያጠፋውም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን ሊያየው ይገባል።

ሌሎቹ ምክንያቶች

ከተነሳ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ፣ ወዲያው ሲያስነሱት ደግሞ ቶሎ የሚጠፋ ማሽን ሞቋል። ከአንድ የቡና መጋዘን የመጣ ማሽን ስከፍት በፕሮሰሰሩ ሂት ሲንክ (ሙቀት አስወጪ ብረት) ጥርሶች መካከል የቡና ገለባ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ወፍራም ጨርቅ ሆኖ ተላጠልኝ። ፋኑን በጣት ይዘው እንዳይዞር አድርገው ያጽዱ፤ በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስት ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀይሩት።

ሲነሳ የሚጮህና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀር ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ራሙ ነው፤ በተለይ ዝናቡ በበረታባቸው ወራት እርጥበቱ ወርቃማ ጥርሶቹን ያደበዝዛቸዋል። ገመዱን ነቅለው ራሙን ያውጡ፤ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ በቀስታ ያሹ፤ ፍርፋሪውን አራግፈው ጠቅ እስኪል መልሰው ይግጠሙ። በአሸዋ ወረቀት ያሸ ሰው አጋጥሞኛል፤ ራሙ ተጣለ። ሰማያዊ ስክሪኑ በየጊዜው የተለያየ ስሕተት የሚያሳይ ከሆነ ሜምቴስት 86 የተባለውን መፈተሻ ሌሊቱን ያሠሩት፤ አንድም ስሕተት ካሳየ አንዱን ራም አውጥተው በተራ ይፈትሹ።

ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስበትና በተነሳ ቁጥር ቁልፍ ተጫን የሚል ማሽን የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ሲአር 2032 የተባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲያልቅ የባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቅንብር ስለሚጠፋ የዲስኩ አሠራር ተቀይሮ ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን እምቢ ሊል ይችላል፤ ባዮስ ገብቶ ሳታ የሚባለውን የዲስክ ማገናኛ ቅንብር ወደ ቀድሞው መመለስ ይበቃል። ለዚህ ሁሉ ፎርማት የተደረጉ አሉ።

ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ያጥፉት። ምንም ዓይነት መጠገኛ ፕሮግራም አያሂዱበት፤ ዲስኩን አስሶ የሚያስተካክለው የዊንዶውስ ትእዛዝም ቢሆን ሊሞት ያለን ዲስክ ይጨርሰዋል። አስቀድሞ ፋይሉ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ዲስኩ ይቀየር።

ከጥገና በኋላ

ፓወር ሳፕላዩን ከቀየርኩ በኋላ ማሽኑን ለአንድ ሰዓት ከባድ ሥራ አሠራዋለሁ፤ ቮልቱን በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ደቂቃ እለካለሁ። ከዚያ ነቅዬ አሳድረዋለሁ። ሁለት ጠዋት በደንብ ተነስቶ በሦስተኛው እምቢ ያለ ማሽን ስላጋጠመኝ፣ በተከታታይ ሦስት ጠዋት ከቀዘቀዘበት ማብሪያውን አንድ ጊዜ ብቻ ስጫነው መነሳቱን ሳላይ ለባለቤቱ አልመልስም።