በሚጠቀለል ፍሬም ላይ የተወጠረ የጥልፍ ጨርቅ ሲንጋደድ

በሁለት ዘንጎች ላይ በሚጠቀለለው ፍሬም የተወጠረው፣ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው አይዳ (በእኩል ካሬዎችና በቀዳዳ ረድፎች የተሸመነ የጥልፍ ጨርቅ)፣ ዘንጎቹ በጠበቁ ቁጥር ወደ አንድ ጎን እየተሳበ የመስቀል ጥልፉን ካሬዎች ያንጋድድ ነበር። ምክንያቱ የብሎኖቹ መላላት ሳይሆን፣ ጨርቁ በዘንጉ ላይ ከተያያዘው ጥብጣብ ጋር የተሰፋበት መስመር የጨርቁን ድርና ማግ አለመከተሉ ነው። ስለዚህ ስፌቱን ፈትቼ፣ የጨርቁን ጫፍ አንድ የቀዳዳ ረድፍ ብቻ ተከትዬ አጠፍኩ፤ ከዚያም የጨርቁንና የጥብጣቡን መካከል በእርሳስ ምልክት አድርጌ ካገጣጠምኩ በኋላ ከመካከል ተነሥቼ ወደ ሁለቱም ዳር በጠንካራ ክር ሰፋሁት። ከአንዱ ዳር መጀመር ጨርቁን እየገፋ ስለሚያጨማድደው አልመክረውም። የታችኛውም ዘንግ እንዲሁ ተሠራ። ዘንጎቹ ግራና ቀኙን ስለማይወጥሩ፣ ጎኖቹን ከፍሬሙ ቋሚ እንጨቶች ጋር በክር አሰርኳቸው፤ ጨርቁ ወደ ቀጣዩ ክፍል በተጠቀለለ ቁጥር ይህን ክር ፈትቶ እንደገና ማሰር፣ አሰልቺ ቢሆንም፣ ግድ ነው።