አክሪሊክ በድሬ ሙቀት

ድሬ ላይ በአክሪሊክ የምትስሉ፣ ቀለሙ ገና ሳትነኩት ሳህኑ ላይ እየደረቀ አስቸግሯችኋል አይደል? ይሄን ሞክሩ። ክዳን ባለው ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የረጠበ ስፖንጅ አንጥፉ። ከላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አልብሱና ቀለሙን እዚያ ላይ ጭመቁ። እርጥበቱ ከሥር ቀስ እያለ ስለሚወጣ ለሰዓታት አይደርቅም። ማታ ክዳኑን ግጠሙት፣ ለነገ ይደርሳል። እኔ ከዚራ ሰፈር ያለው በረንዳዬ ላይ በቀትር ሳይቀር እሠራበታለሁ፤ በጣም ነው የገላገለኝ።

ቀለሙን በውሃ ብቻ አታቅጥኑት፤ ውሃ ሲበዛ ሸራው ላይ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። አክሪሊክ ሚዲየም (ቀለም የሌለበት የአክሪሊክ ማያያዣ) ጨምሩበት።

ሥዕሉ ላይ ጨርቅ ወይም ወረቀት ስትለጥፉም ያው ሚዲየም ከሥርም ከላይም ይቀባ። አየሩን ከመሃል ወደ ዳር በጣት ግፉት። የዘይት ቀለም በደረቀ አክሪሊክ ላይ ይሄዳል፤ አክሪሊክን በዘይት ላይ ግን በፍጹም እንዳትሞክሩ፣ ይላላጣል።